ቸርችልን ከደሴ ሆኖ መመዘን

(ደሴ ውስጥ በተካሄደ የንባብና የውይይት ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)

የከተማችን ሽማግሌዎች፣ ሼኾቻችን፣ ቀሳውስቶቻችን፣ መምህራን ባልደረቦቼ፣ በዚህ ጉም የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ ልጆቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ? አሰላሙ አለይኩም! እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ጋ ወንበር አለ፤ ማንም አይበላችሁም።

አዘጋጆቹ «ስለ አንድ የታሪክ ሰው ተናገር» ሲሉኝ ንጉሥ ሚካኤልን የምመርጥ መስሏቸው ነበር። «ስለ ቸርችል ነው የምናገረው» ስላቸው አንደኛው ልጅ «ጋሼ፣ ቸርችል ደሴ ላይ ምን ይሠራል?» አለኝ። (ሳቅ) ደግ ጥያቄ ነው። እንዲያውም የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ለዚያ ልጅ የሚሰጥ መልስ ነው። ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ቸርችል ለእኛ ዋለልን የሚባለው ውለታ። ሁለተኛ፣ ቤንጋል። ሦስተኛ፣ ይህን ሰው ለመመዘን የደሴ ሰው ለምን ከሌላው የተሻለ እንደሆነ። ሁለተኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁና ትዕግሥት ስጡኝ።

በቅድሚያ ሰውዬው ማነው? ዊንስተን ቸርችል እ.ኤ.አ. በ1874 ተወልዶ በ1965 ሞተ። ሁለት ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል፤ ከ1940 እስከ 1945፣ እንደገና ከ1951 እስከ 1955። ፈረንሳይ ወድቃ፣ አሜሪካ ገና ወደ ጦርነቱ ሳትገባ፣ በገዛ ካቢኔው ውስጥ «ከሂትለር ጋር እንደራደር» የሚሉ እያሉ «አንደራደርም» ያለ ሰው ነው። ይህን ማንም ሊቀማው አይችልም፤ እኔም ልቀማው አልመጣሁም። በ2002 ቢቢሲ ሕዝቡን «ከእንግሊዞች ሁሉ ታላቁ ማነው?» ብሎ ድምፅ ሲያሰጥ አንደኛ የወጣው ቸርችል ነው። በ2020 ደግሞ ለንደን ከፓርላማው ፊት ለፊት የቆመው ሐውልቱ ላይ ሰልፈኞች «ዘረኛ ነበር» ብለው በቀለም ጻፉበት። ያው አገር፣ ያው ሰው። ታዲያ ማንን እንመን?

ወጣቶቹ ሁለቱንም ወገን በየስልካችሁ ታዩታላችሁ። አንዱ መልአክ ያደርገዋል፣ ሌላው ደግሞ ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። «ቸርችል መርዝ ጋዝ ይደግፍ ነበር» የሚል ጽሑፍ በየጊዜው ይዘዋወራል። እ.ኤ.አ. በ1919 የጦር ሚኒስትር ሳለ «ባልሠለጠኑ ነገዶች ላይ ጋዝ መጠቀምን በጥብቅ እደግፋለሁ» ብሎ መጻፉ እውነት ነው። ግን እዚያው ማስታወሻ ላይ በጣም ገዳይ የሆነውን ብቻ መጠቀም እንደማያስፈልግ፣ የሚያስለቅስና የሚያሸብር ጋዝ እንደሚበቃ ይናገራል። እኛ የሰናፍጭ ጋዝ ምን እንደሚያደርግ ከማይጨውና ከአሸንጌ በተመለሱት አባቶቻችን ገላ ላይ አይተናል። ስለዚህ አስለቃሹን ከገዳዩ ለይቶ ማውራት ከማንም በፊት የእኛ ፈንታ ነው። ሰውን ለመውቀስ የሚበቃ እውነት ካለ ውሸት መጨመር ምን ይጠቅማል? «ባልሠለጠኑ» ያለውን ግን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ነጥብ። ውለታው።

እ.ኤ.አ. በ1927 ቸርችል ሮም ሄዶ ሙሶሊኒን አመሰገነ። ጣሊያናዊ ብሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከእናንተ ጋር በሙሉ ልቤ እቆም ነበር አለ፤ ለኮሙኒዝም ካለው ጥላቻ የተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ፣ ሙሶሊኒን አስጠነቀቀ፤ በዚያው አፉ ግን ኢትዮጵያ ከሠለጠኑት አገሮች ማኅበር ጋር እኩል የምትቆም ብቁ አባል ናት ብሎ ማስመሰል አይቻልም አለ። አያችሁ? «ያልሠለጠኑት» እኛም ነበርን። ከዚያ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 1932 ጣሊያን በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀች። በአንድ ጊዜ ጠላታችን ጠላቱ ሆነ። ጃንሆይ በስደት ከነበሩባት የእንግሊዝ ከተማ ከባዝ ተነስተው በአውሮፕላን ወደ ሱዳን መጡ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ የአገራቸውን መሬት ረገጡ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ሲገቡ ቸርችል የደስታ ቴሌግራም ላከላቸው፤ በፋሺስትና በናዚ ወንጀለኞች ከዙፋናቸው ከተባረሩት ሕጋዊ ነገሥታት የመጀመሪያው እርስዎ ነበሩ፣ በድል ለመመለስም የመጀመሪያው እርስዎ ሆኑ የሚል። ቆንጆ ቴሌግራም ነው። አርበኛው አምስት ዓመት በየዱሩ ያፈሰሰው ደም ግን እዚያ ውስጥ የለም።

ደሴስ? ደሴ ነፃ የወጣችው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአርበኞች ጋር ሆኖ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ካሉት ተራሮች ጋር ለቀናት ሲታገል ቆየ፤ ጣሊያን መድፉን ከላይ ደርድሮ ነበር። አጎቴ ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ ለሠራዊቱ ውሃ ያቀብል ነበር። ሲያጫውተን ስለ ድሉ ብዙም አይናገርም። ሁልጊዜ የሚገርመው አንድ ነገር ነበር። «ጥቁሮቹ መኪና ይነዳሉ፣ ቁስለኛ ይሸከማሉ። ጠመንጃ ግን የላቸውም። ‘ጠመንጃህስ?’ ብዬ በእጄ ምልክት ብጠይቀው አንዱ ዝም ብሎ ሳቀ» ይለናል። እኔ ይህን የሽማግሌ ጨዋታ ነው ብዬ ስሰማው አደግሁ። በኋላ ሳነብ እውነቱን አገኘሁት፤ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ጥቁር ወታደሮቹን አላስታጠቀም ነበር። እኛን ነፃ ለማውጣት የመጡት ሰዎች ራሳቸው ነፃ አልነበሩም ማለት ነው።

ከረን ላይስ ማን ሞተ? ከረንን ለመስበር ከየካቲት እስከ መጋቢት 1933 ድንጋይ ለድንጋይ የወጡት በብዛት የ4ኛውና የ5ኛው የሕንድ ክፍለ ጦር ልጆች ናቸው። አምባላጌ ላይም የ5ኛው ልጆች ዘምተዋል። በዚያ ጦርነት ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕንዳውያን ለእንግሊዝ ዘምተዋል፤ በፈቃደኝነት። ይህንን ደግሞ ያዙልኝ። ምክንያቱም ከከረን ሁለት ዓመት በኋላ የእነዚህ ወታደሮች አገር ምን እንደገጠማት ነው አሁን የምነግራችሁ።

ከድሉ በኋላ እንግሊዝ ወዲያው አልወጣም። አገሩን «የተያዘ የጠላት ግዛት» ብሎ በወታደር አስተዳደረው። እ.ኤ.አ. የ1942ቱ ስምምነት፣ ከዚያም የ1944ቱ ስምምነት ቀስ በቀስ ገመዱን አላሉት፤ በሶማሌ በኩል ያሉት ሐውድና «የተከለለው አካባቢ» የሚባሉት መሬቶች ግን ወደ እጃችን የገቡት እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። በእኛ 1936 መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከኤደን ተነስተው በትግራይ የተነሳውን ዐመፅ ለማፈን መቀሌን ደበደቡ፤ ጠያቂው የራሳችን መንግሥት ነበር። ይህንን የምለው ማንንም ለማስከፋት አይደለም። ስለ ቸርችል ስንናገር የራሳችንን ድርሻ የምንደብቅ ከሆነ ንግግሩ ሐሜት ይሆናል።

አሁን ወደ ቤንጋል። ውሃ ልጠጣ።

ቤንጋል ያኔ በእንግሊዝ ሥር የነበረች የሕንድ ክፍለ ሀገር ናት፤ ዛሬ ግማሿ ባንግላዴሽ፣ ግማሿ ሕንድ ናት። በእኛ 1935፣ በእነሱ 1943፣ እዚያ የሞተው ሰው ቁጥር መንግሥት ራሱ ባቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ግምት አንድ ሚሊዮን ተኩል ነው፤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሦስት ሚሊዮን ድረስ ያደርሱታል። ሦስት ሚሊዮን። ምን ሆኖ? ድርቅ ነበር? አልነበረም። ጃፓን በርማን ያዘች፣ ከበርማ ይመጣ የነበረው ሩዝ ቀረ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1942 ላይ ማዕበል የባሕር ዳርቻውን አጠበው፤ ሰብሉም በሽታ ገባበት። በዚህ ላይ መንግሥት «ጃፓን ብትመጣ እንዳትጠቀምበት» ብሎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጀልባዎችን ወረሰ፣ ሰበረ። ቤንጋል የወንዝ አገር ነው፤ ዓሣ አጥማጁም ሩዝ ነጋዴውም ያለ ጀልባ እጁ ተቆረጠ ማለት ነው። የጦርነቱ ወጪ ገንዘቡን አረከሰው። የሩዝ ዋጋ በግማሽ ዓመት ሦስት እጥፍ ሆነ። ካልከታ ላይ የፋብሪካውና የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በቅናሽ ቀለብ ተሰፈረለት፤ ገጠር ያለው የቀን ሠራተኛ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ጀልባ ቀዛፊው እየተሳበ ከተማ መጥቶ አስፋልት ላይ ሞተ።

ወሬውስ? ወሬው ታፈነ። ጋዜጦች «ረኃብ» ብለው እንዳይጽፉ ተከለከሉ። በነሐሴ 1943 ስቴትስማን የሚባለው የካልከታ ጋዜጣ፣ እንግሊዛዊ አዘጋጅ የነበረው ጋዜጣ ነው፣ ጽሑፉ ቢከለከል ፎቶ አልተከለከለም ብሎ የሟቾቹን ሥዕል አወጣ። ዓለም ያወቀው ከዚያ ወዲያ ነው።

ለንደን ምን አለ? የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሊዮ ኤመሪና ሕንድ ያለው እንደራሴ ለግማሽ ሚሊዮን ቶን እህል መርከብ ስጡን ብለው ጠየቁ። የጦር ካቢኔው የፈቀደው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ኤመሪ የቸርችል የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ ያው ፓርቲ፣ ያው ኢምፓየር ወዳጅ። እሱ በማስታወሻ ደብተሩ የጻፈው ነው ጉድ። ቸርችል ሕንዶች እንደ ጥንቸል ይራባሉ ማለቱን ጽፏል። ከዱሮም በደንብ የማይበላው ቤንጋሊ ቢራብ የጠነከረው ግሪካዊ ከሚራብ ይቀላል ማለቱንም ጽፏል። ስለ ሕንድ ጉዳይ ሲሆን ሰውዬው ጤነኛ አይመስለኝም ብሎም ጽፏል። ጠላት የጻፈው ቢሆን አልጠቅስላችሁም ነበር፤ የገዛ ሚኒስትሩ ነው።

አሁን ደግሞ ለቸርችል የሚቆሙትን እንስማ፤ ፍርድ ቤትም ለተከሳሽ ጠበቃ ያቆማል። እንዲህ ይላሉ። ባሕሩ በጀርመንና በጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ተሞልቶ ነበር፣ መርከብ አልነበረም። ዌቭልን እንደራሴ አድርጎ የሾመው እሱ ነው፤ ዌቭልም በጥቅምት 1943 እንደደረሰ ወታደሩን እህል ማከፋፈል አሰማራው። በሚያዝያ 1944 ራሱ ቸርችል ለሩዝቬልት ጽፎ መርከብ ለምኗል፤ ሩዝቬልት ነው እምቢ ያለው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሚያዝያ 1944 ማለት ሰዉ ካለቀ በኋላ ማለት ነው። ደግሞም መርከብ በጠፋበት ጊዜ ለማን ይሂድ የሚለው ምርጫ ነው፤ ምርጫው ላይ ሲደርስ የቤንጋሊ ሆድ በተራው መጨረሻ ላይ ነበር። የእኔ ፍርድ ይኸው ነው፤ ቸርችል ረኃቡን አልፈጠረውም፣ ግን እኩል ሰው ናቸው ብሎ ስላላመነ ቸልተኝነቱ ቀለለው። «ባልሠለጠኑ» ያለውን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነበር። ከ1919 እስከ 1943 አልተለወጠም።

እ.ኤ.አ. በ1941 ከሩዝቬልት ጋር የአትላንቲክ ቻርተርን አወጣ፤ ሕዝቦች ሁሉ መንግሥታቸውን ይመርጣሉ የሚል። ወር ሳይሞላው ፓርላማ ቆሞ ይህ ናዚ ለያዛቸው የአውሮፓ አገሮች ነው፣ ለሕንድና ለበርማ የታሰበ አይደለም አለ። በ1942 የንጉሡ ዋና ሚኒስትር የሆንኩት የብሪታንያን ኢምፓየር ለማፍረስ ሥነ ሥርዓት ልመራ አይደለም አለ። ኬንያንም አትርሱ፤ በማው ማው የነፃነት ዐመፅ ምክንያት የታወጀው አስቸኳይ ጊዜ የተጀመረው እሱ ሁለተኛ ጊዜ ሥልጣን ላይ ሳለ፣ በ1952 ነው። በ2013 የእንግሊዝ መንግሥት ያኔ ለተሠቃዩ ከ5,200 በላይ ኬንያውያን ካሳ ከፍሏል። ይህንን በዚሁ ልለፈው፤ ራሱን የቻለ ምሽት ይፈልጋል።

ሦስተኛው። ደሴ።

ከቤንጋል ረኃብ የተረፈ አንድ ልጅ ነበር። የተራበ ቤተሰብ አልነበረውም፤ አያቱ መምህር ነበሩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ የተራቡት በበራቸው ሲያልፉ አያቱ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በሲጋራ ቆርቆሮ አንድ ሩዝ እንዲሰጥ ፈቀዱለት። ልጁ አማርትያ ሴን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በኢኮኖሚ ኖቤል ያገኘው። ይህ ሰው ሲያድግ ቤንጋልን አጠና። ቀጥሎ ማንን ያጠና ይመስላችኋል? እኛን። ወሎን። በእኛ አቆጣጠር የ1965ቱን ረኃብ።

ምን አገኘ? ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ብዙም እንዳልጨመረ አገኘ። አስቡት እስኪ፤ አገር በረኃብ ያልቃል፣ ዋጋው ቆሟል። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይጫን እንደነበረም ጻፈ። አርሶ አደሩ ሰብሉን ሲያጣ ገቢውንም አብሮ አጣ፤ የአፋሩ አርብቶ አደር ከብቱ አለቀ፣ የቀረችውንም የሚገዛው የለም። እህል ቢኖር በምን ይገዛል?

እኔ ይህን ያነበብኩት በትልቅነቴ ነው፤ ያየሁት ግን በልጅነቴ ነው። አባቴ ሰኞ ገበያ እህል ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን መጋዘን አጠገብ ኤንትሬ መኪና ይጫናል። የጆንያው ፊት ላይ በቀለም «አሥመራ» ተብሎ ተጽፏል። ሸካሚው ሜንጦውን ሲሰካ አንዱ ጆንያ ተቀደደና ጤፍ ፈሰሰ። አንዲት ሴት፣ ከአምባሰል በኩል የመጣች መሰለኝ፣ ተንበርክካ ጤፉን ከአፈሩ ጋር በነጠላዋ ጫፍ ትሰበስባለች። የመጋዘኑ ዘበኛ መጣና «ተነሽ!» አላት። ተነሳች፤ ጤፉን ግን አልለቀቀችም። አባቴን «እህል ካለ ለምን ይራባሉ?» አልኩት። «ዋጋው ያው ነው ልጄ፤ ገዢው ነው የጠፋ» አለኝ። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ኖቤል የተሰጠበትን ነገር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮት ነበር! (ጭብጨባ)

እና ያን ጊዜ ዙፋኑ ላይ የነበሩት ማን ናቸው? ጃንሆይ። ጃንሆይ ደግሞ ለደሴ ማን ናቸው? ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህችን ከተማ በቦምብ ሲያነዱ፣ የቀይ መስቀል ዓርማ የተዘረጋበትን ሆስፒታል ሳይቀር ሲመቱ፣ ግቢያቸው ውስጥ መትረየስ ላይ ቆመው የተኮሱ ንጉሥ ናቸው። ፎቶውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኒያው ንጉሥ በ1966 ወሎን ሲጎበኙ ዘግይተው ነው የመጡት። ያለቀው ሰው እንደ ገማቹ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። ወሬው እንደ ቤንጋል ታፍኖ ነበር። ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ማታ ደርግ ያንን የረኃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየ። ደርግም ከዚያ አልተማረ፤ በ1977 መግቢያ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ኮረም ላይ ሰው እየረገፈ ነበር።

ስለዚህ እኛ ይህን ዓይነት ሰው እናውቀዋለን። መትረየስ ላይ የቆመውንም ዘግይቶ የመጣውንም በአንድ ሰው ላይ አይተናል። ደሴ ላይ «መትረየሱ ረኃቡን ያጥፋለት» የሚል ሽማግሌ አልሰማሁም፤ «ረኃቡ መትረየሱን ያጥፋ» የሚልም አልሰማሁም። ሁለቱንም አንድ ላይ ይናገሩታል፤ ያከብራሉ፣ ይወቅሳሉ። አባቴ የሚጠላው ነጋዴ መግዣና መሸጫ ሁለት ቁና ያለውን ነበር። ቸርችልን ሲያነሱ ሐውልት፣ ጃንሆይን ሲያነሱ ፍርድ ቤት የሚሆኑ አሉ። ቸርችልን ሲረግሙ ውለው የራሳቸው ሰው ያስራበውን ሕዝብ የማያነሱም አሉ። ሁለቱም ሁለት ቁና ይዘዋል። የለንደን ሰው ለቸርችል የሂትለርን ጦርነት ይሰፍርለታል፤ ጥሩ፣ ይስፈርለት። ካልከታ ላይ ቀለብ ሲሰፈር ስሙ ያልተጠራው ዓሣ አጥማጅ ደግሞ በዚያው ቁና ይሰፈር። ቸርችልን ያልመረጠ፣ ሊያወርደውም የማይችል ሰው ነበር። እንግሊዞች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1945 በምርጫ አውርደውታል፤ ቤንጋሊው ያ ዕድል አልነበረውም።

አንድ ወጣት ቅድም በወረቀት «ታዲያ አዲስ አበባ ያለው የቸርችል ጎዳና ስሙ ይቀየር?» ብሎ ጽፎልኛል። እኔ አይቀየር ባይ ነኝ። ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤት የሚሄደው ሰው ቸርችል ማን እንደሆነ አያውቅም። አንዴ አንዱን ነጋዴ ስጠይቀው «የሕንፃው ባለቤት ይመስለኛል» አለኝ። (ሳቅ) ስም ከመቀየር ማወቅ ይቅደም። ከረን ላይ ለወደቁት ሕንዶች ግን በስማቸው የተሰየመች አንዲት ቀጭን መንገድ ብትኖር ደስ ይለኝ ነበር።

እናንተ የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ እለምናችኋለሁ። 1965ን በዓይናቸው ያዩት እናቶችና አባቶች በየቤታችሁ አሉ። ስልካችሁን አውጡና ድምፃቸውን ቅዱ። ወደ አሥመራ ማን ጫነ፣ ዘበኛው ማን ነበር፣ ዋጋው ስንት ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ቤንጋል ያሉት የዕድሜ ባለጠጎች አብዛኞቹ ሳይጠየቁ አልፈዋል። እኔም የአባቴን ቀረጻ የለኝም፤ ቃሉ ብቻ ነው የቀረኝ።

ይበቃኛል። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኮምቦልቻ የመጡት ይቅደሙ፣ መኪና እንዳያመልጣቸው።